ጠርዙ የተከረከመው ካርድ፦ ከጅማ ወደ አሜሪካ ሐራጅ የተላከ የቤተሰብ ንብረት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በጅማ ከተማ ፈረንጅ አራዳ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ አባታቸው ትተውላቸው ያለፉትን አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የአሜሪካ የቤዝቦል ካርድ ለመሸጥ ሲያስቡ፣ በደብዳቤና በሰነድ ሥራ እንዳግዛቸው ጠየቁኝ። እኔ ብዙ ዓመት በመዝገብ ቤት ያገለገልሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ቤዝቦልም ሆነ ስለ ካርድ ንግድ ያን ጊዜ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ የማውቀው ወረቀትን ብቻ ነበር። ጉዳዩ ከተጀመረ እስኪቋጭ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። አሁን የምጽፈው በቤተሰቡ ፈቃድ ነው፤ የማንኛቸውንም ስም፣ የአጫራቹንም ድርጅት ስም አልጠቅስም። ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ገንዘቡ አይደለም። አንድ አሮጌ ዕቃ ዋጋው ከፍ እንዲል ተብሎ ሲነካካ ማን ምን እንደሚያጣ፣ ከተነካካም በኋላ ባለቤቱ ምን ግዴታ እንዳለበት በግልጽ የታየበት በመሆኑ ነው።

ካርዶቹ ጅማ እንዴት ደረሱ

የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 ሲቋቋም የኦክላሆማ ኮሌጅ መምህራን ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ከተማዋ መጥተው ነበር። ትምህርት ቤቱ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው። የመምህርቷ አባት በዚያ ግቢ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ከመምህራኑ የአንዱ ልጅ፣ ከአገሩ ዘመዶቹ በፖስታ የሚልኩለትን ካርድ ይዞ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ይቀመጥ፣ የተጫዋቾቹንም ስም ለእኚህ ሰው ያስተምር ነበር። ቤተሰቡ ወደ አገሩ ሲመለስ ልጁ ካርዶቹን በሙሉ ለእሳቸው ትቶላቸው ሄደ።

ካርዶቹ የቶፕስ ኩባንያ ከማስቲካ ጋር አሽጎ ለልጆች ይሸጣቸው የነበሩ ናቸው። በፊት ለፊታቸው የተጫዋቹ ምስል፣ በጀርባቸው ስለ ተጫዋቹ መረጃ ታትሞባቸዋል። በቆርቆሮው ውስጥ የተገኙት 214 ሲሆኑ ከ1952 እስከ 1955 እ.ኤ.አ. የታተሙ ነበሩ። ለዋጋቸው ከሁሉም የላቀው የ1954ቱ የሃንክ አሮን ካርድ፣ ቁጥሩ 128 የሆነው፣ ነበር። አሮን እ.ኤ.አ. በ1974 የቤብ ሩትን የ714 ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳው ውጭ የሚያሳልፍ ምት) ክብረ ወሰን የሰበረና በ755 ያጠናቀቀ ተጫዋች ነው፤ ያ ካርድ ደግሞ የመጀመሪያ ካርዱ ነው።

ለቤተሰቡ ግን ካርዱ ሌላም ነገር ነበር። አባትየው እያንዳንዱን ካርድ ሲቀበሉ ስሙን በጆሯቸው እንደሰሙት በአማርኛ ፊደል፣ በእርሳስ፣ በካርዱ ጀርባ ይጽፉ ነበር። በዚህኛው ላይ የተጻፈው «ሀንክ ኤረን፣ ጥር 12 ቀን 1948» ይላል፤ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው። ግምጃ ቤት ገቢና ወጪ የሚመዘግብ እጅ ነውና ጽሑፉ ትንሽ፣ የተስተካከለና ጠንከር ተደርጎ የተጻፈ ነበር።

ከመላኩ በፊት የተደረገው

በመዝገብ ቤት ልማድ አንድ ሰነድ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ያለበት ሁኔታ በጽሑፍ ይያዛል፤ የተቀደደው፣ የወየበው፣ በኅዳጉ የተጻፈው ሁሉ ይመዘገባል። ሌላ ዘዴ ስለማላውቅ በካርዶቹም ላይ ያንኑ አደረግሁ። እያንዳንዱን ካርድ በካሬ ደብተር ገጽ ላይ አስቀምጠን፣ ከጎኑ የብረት ማስመሪያ አድርገን፣ በመስኮት ብርሃን ፊቱንም ጀርባውንም በስልክ አነሣነው። ከዚያም የእጅ ባትሪ በጎን እያበራን እጥፋትና ጭረት ያለበትን ለብቻው አነሣን። ሥራው አራት ከሰዓት በኋላ ፈጀ። የወይዘሮዋ ጎረቤቶች ለሕፃን መጫወቻ ካርቶን ይህን ያህል መድከማችን ገርሟቸው ነበር፤ በኋላ ግን ጉዳዩ በሙሉ የቆመው በእነዚያ ፎቶዎች ላይ ነው።

ስለ አሮን ካርድ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦ ስፋቱ 66.5፣ ቁመቱ 95 ሚሊ ሜትር፤ የታችኛው ቀኝ ማዕዘን የደነዘ፤ በዚያው ማዕዘን ላይ 14 ሚሊ ሜትር የሚሆን እጥፋት፤ በግራ በኩል ባለው ነጭ ኅዳግ ላይ፣ ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ፣ ከማተሚያ ቤት የቀረ አንዲት የቀለም ነጥብ፤ በጀርባው የእርሳስ ጽሑፍ። የዚያ ዘመን የቶፕስ ካርድ ወጥ መጠን 66.7 በ95.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ የእኛው ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ያለ ነበር ማለት ይቻላል።

አሜሪካ የሚኖረው የወይዘሮዋ የወንድም ልጅ ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ 12 ካርዶች መርጦ ይዞ ሄደ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መግለጽ አለብኝ። ካርዶቹ ያሉበትን ሁኔታ ስመዘግብ፣ በካርዶቹ ላይ ምን እንዳይደረግ በጽሑፍ አላስያዝሁም። «አይታጠብ፣ አይጫን፣ አይላግ፣ አይቆረጥ» የሚል አንድ መስመር በውክልናው ወረቀት ላይ ቢኖር ኖሮ ከዚህ በታች የምተርከው ብዙው ባልደረሰም ነበር።

ስለ ንግዱ ማወቅ የሚያስፈልገው

የካርድ ዋጋ የሚወሰነው በተጫዋቹ ስም ብቻ አይደለም። ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ማዕዘኑን፣ ጠርዙን፣ ገጽታውን፣ ምስሉ በመሃል መሆን አለመሆኑን መርምረው ከ1 እስከ 10 ቁጥር ይሰጡና ካርዱን በፕላስቲክ መያዣ ያሽጉታል። በጥሩ ካርድ ላይ የአንድ ቁጥር ልዩነት ዋጋውን በብዙ ይለውጠዋል። ነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. አንድ የ1952 የሚኪ ማንትል ካርድ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ያን ያህል ዕድሜ ያለው ካርድ እምብዛም የማያገኘው 9.5 ደረጃ ስለተሰጠው ነው። ጠርዙ ተቆርጦ የተስተካከለ መሆኑ የታወቀ ካርድ በአንጻሩ ከቁጥሩ ጨርሶ ይወጣል፤ «የተለወጠ» ተብሎ ብቻ ይታሸጋል።

ቁጥር ይህን ያህል ገንዘብ ሲሆን እጅ የሚያሳርፍበት አይጠፋም። የደነዘ ማዕዘን ጠርዙ በጥቂቱ ሲከረከም ስለታም ይሆናል፤ እጥፋት በርጥበትና በክብደት ተጭኖ ይደበዝዛል፤ የቦረቦረ ቀለም በብዕር ይሞላል፤ ጽሑፍ ይላጋል። የሙያው ታላቅ ቅሌት የሚባለው የጥንቱ ተጫዋች የሆነስ ዋግነር ካርድ ጉዳይም እንዲህ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በሐራጅ በ451,000 ዶላር ተሸጦ፣ አዲስ ከተቋቋመው ደረጃ ሰጪ ድርጅት 8 አግኝቶ፣ በ2007 እስከ 2.8 ሚሊዮን ዶላር የደረሰ ካርድ ነበር። የአንድ ሐራጅ ቤት ባለቤት የነበረው ዊልያም ማስትሮ በ2013 ለፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን ሲያምን፣ የዚያን ካርድ ጠርዝ ራሱ እንደቆረጠ አመነ። በ2015 የ20 ወር እስራት የተፈረደበት በዋናነት በሐራጁ የሐሰት ተጫራች እያስገባ ዋጋ በማናሩ ነበር። ካርዱን የመረመሩትም፣ ያጫረቱትም፣ የገዙትም በየዘርፋቸው አንቱ የተባሉ ሰዎች ሆነው ሳለ መከርከሙ ከሃያ ዓመት በላይ በቁጥሩ ተሸፍኖ ኖረ።

ይህን የማነሣው በእኛ ጉዳይ ደጋግሞ የገጠመንን መልስ ስለሚያስረዳ ነው። አጫራቹ ከሻጭ ኮሚሽን ይወስዳል፣ ከገዢም ብዙ ጊዜ 20 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ ያስከፍላል፤ ሁለቱም ገቢዎች የሚያድጉት ዋጋው ሲያድግ ነው። ደረጃ ሰጪውም ቢሆን ዋጋው ለከበደ ካርድ የሚያስከፍለው አገልግሎት ከፍ ያለ ነው። ደላላው የሚያገኘው በመቶኛ ነው። ሻጩም የሚያስበው ይታወቃል። በገበታው ዙሪያ ካሉት ውስጥ ካርዱ ዝቅ ብሎ ቢታይ የሚጠቀም የለም፤ የሚጎዳው ገዢ ደግሞ ገና አልመጣም።

ካታሎጉ ላይ የታየው

የወንድም ልጅየው ካርዶቹን ያስረከበው «አዘጋጅቼ፣ ደረጃ አሰጥቼ፣ ለሐራጅ አቀርባለሁ» ላለ ደላላ ነበር፤ ድርሻው ከሽያጩ 15 በመቶ ነው። «ማዘጋጀት» ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቀው «ትንሽ አጸዳቸዋለሁ» እንዳለው፣ እሱም ከዚያ በላይ እንዳልጠየቀ በኋላ ነገረን።

ከአራት ወር በኋላ የሐራጁን ካታሎግ ለአክስቱ በቴሌግራም ላከላቸው። የአሮን ካርድ 7 አግኝቷል። ወይዘሮዋ የፊቱን ምስል አልፈው ጀርባውን ሲከፍቱ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «የአባዬ ጽሑፍ የት ሄደ?»

ፎቶዎቹን አወጣሁ። የታሸገ ካርድ በማስመሪያ ሊለካ አይችልም፤ ነገር ግን በካርዱ ላይ የታተሙ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት አይለወጥምና ሁለቱን ምስሎች በዚያ ርቀት እኩል አድርጎ ማስተያየት ይቻላል። በጅማው ፎቶ የቀለሟ ነጥብ ከግራ ጠርዝ 2 ሚሊ ሜትር ትርቅ ነበር፤ በካታሎጉ ምስል በዚያው ስሌት 1.2 ሚሊ ሜትር ሆነች። ከታችም 0.7 ሚሊ ሜትር ጠፍቷል። የደነዘው ማዕዘን ስለታም ሆኗል። እጥፋቱ በተለመደው ምስል አይታይም፤ የምስሉን ብርሃንና ጥላ ሲያጠነክሩት ግን በዚያው ቦታ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይወጣል።

የቀሩትን 11ዱንም እንዲሁ አስተያየናቸው። ዘጠኙ አልተነኩም። በአንዱ ላይ የእርሳሱ ጽሑፍ ብቻ ተልጓል። የ1953 በሆነ አንድ ካርድ ላይ ደግሞ ግርጌው ተቀብቷል። የዚያ ዓመት ካርዶች የተጫዋቹ ስም ያለበት ቀይ ወይም ጥቁር ሣጥን እስከ ጠርዝ ድረስ ስለሚወርድ ቀለሙ በቀላሉ ይቦረቦራል። የእኛውም በመዝገቡ ላይ በሦስት ቦታ የቦረቦረ ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ በሽያጩ ምስል ግን ሙሉ ቀይ ነው። ይህኛው ቀደም ብሎ ተሽጦ አልቋል።

የቤተሰቡ ውሳኔ

የአሮን ካርድ ሐራጅ ሊዘጋ 16 ቀን ቀርቶት ነበር። የተጫራቾቹ ዋጋ የቤቱን ጣሪያ አድሶ ለአንድ የልጅ ልጅ የትምህርት ወጪ የሚተርፍበት ደረጃ ላይ ደርሷል። በስልክ በተደረገው ንግግር የወንድም ልጅየው ያነሣው ሐሳብ ብዙ ሰው የሚያነሣው ነው፦ «እትዬ፣ እኛ አልቆረጥነውም እኮ። ደረጃ የሰጡት እነሱ ናቸው። ዝም ብንልስ?» ልጁን ክፉ ነው አልለውም፤ የቤቱን ችግር ያውቃል፣ ያሰበውም ለአክስቱ ነው።

ወይዘሮዋ ወዲያው አልመለሱም። በማግሥቱ ደውለው፣ «ልጄ፣ ሳናውቅ ቢሸጥ የእነሱ ነበር፤ ካወቅን ወዲህ ግን የእኛ ነው» አሉት። ወንድማቸውም በዚህ ተስማሙ። ከዚህ በኋላ የቀረው ጥያቄ እንዴት ይነገር የሚለው ነበር።

ሦስት ደብዳቤዎች

የመጀመሪያው ለደላላው ተጻፈ፤ ምን እንደተደረገና በማን ፈቃድ እንደተደረገ ይጠይቃል። መልስ አልመጣም፤ እስከ ዛሬም አልመጣም።

ሁለተኛውን የወንድም ልጅየው በራሱ ለአጫራቹ ድርጅት ላከ። አራት መስመር ነው፤ ካርዱ ተነካክቷል ብለን እንሠጋለን ይላል፣ ምንም አላያያዘበትም። ከስድስት ቀን በኋላ የመጣው መልስ በአክብሮት የተጻፈ ሆኖ ፍሬው ይህ ነበር፦ ካርዱ በገለልተኛ ደረጃ ሰጪ ታይቶ ቁጥር አግኝቷል፤ ድርጅቱ የሚሸጠው በመያዣው ላይ በተጻፈው መሠረት ነው። ሻጩ ራሱ የገዛ ዕቃው ጉድለት እንዳለበት ሲናገር፣ ሻጩ ያየውን የማያውቀው የመያዣው ወረቀት ከሻጩ ቃል በላይ ሆኖ ተቆጠረ። አጫራች የሚታመነው በዕውቀቱ ነው፤ በካታሎጉ መግቢያም የሚናገረው ስለ ባለሙያዎቹ ዓይን ነው። ጉድለት ሲነገረው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ወደ መያዣው ወረቀት የሚያመለክት ከሆነ፣ ገዢው ጭማሪውን የሚከፍለው ለምን አገልግሎት ነው? ይህን ጥያቄ በደብዳቤ አልጻፍነውም፤ እኔ ግን አሁንም መልስ አላገኘሁለትም።

ሦስተኛውን እኔ አረቀቅሁ፣ የወንድም ልጅየው በእንግሊዝኛ አስተካከለው። አንድ ገጽ ነው። የሁለቱ ምስሎች እኩል መጠን ተደርገው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የነጥቧ ርቀት፣ የታችኛው ጠርዝ፣ የማዕዘኑና የእጥፋቱ ሁኔታ፣ የጠፋው ጽሑፍ በአራት አጭር ዓረፍተ ነገሮች ተገልጿል። ማንንም አልከሰስንም። የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ካርዱ እንደገና እስኪመረመር ከሐራጁ እንዲወጣ። ደብዳቤው ለደንበኞች አገልግሎት ሳይሆን ለድርጅቱ የሕግ ክፍል ተላከ፤ ግልባጩም የመያዣው ቁጥር ተጠቅሶ ለደረጃ ሰጪው ድርጅት ሄደ።

በማግሥቱ ካርዱ ከሐራጁ ወጣ። ከሰባት ሳምንት በኋላ ደረጃ ሰጪው ቁጥሩን ሰርዞ «የተለወጠ» በሚል ጽሑፍ አሽጎ መለሰው።

የተሳካውና ያልተሳካው

የሠራው ማስረጃው ነው። ያው ቃል ያለ ምስል ሲላክ ተገፋ፣ ከምስል ጋር ሲላክ በአንድ ቀን ተቀባይነት አገኘ። ግልባጩ ለሌላው ወገን መሄዱም የረዳ ይመስለኛል፤ እያንዳንዱ ድርጅት ሌላው እንዳወቀ ያውቃልና ኃላፊነቱን ወደ ጎረቤቱ ሊገፋው አይችልም። ደብዳቤው ክስ ሳይሆን ጥያቄ መሆኑም ለተቀባዩ መንገድ ከፍቶለታል።

ያልተሳካውም ብዙ ነው። ካታሎጉ «ከሽያጭ ወጥቷል» ብሎ ምክንያቱን ሳይገልጽ ዘጋው፤ ስለዚህ የተጫረቱት ሰዎች ለምን እንደወጣ አልተነገራቸውም። ስለ ተሸጠው የ1953 ካርድ ድርጅቱ የገዢውን ማንነት መግለጽ እንደማይችል ነገረን። ይህ ተገቢ ነው፤ ለገዢው መልእክታችንን እንዲያስተላልፍ ስንጠይቀው ግን «ለሚመለከተው ክፍል መርተነዋል» ከማለት በቀር ማድረሱን አላረጋገጠልንም። ወይዘሮዋ ከዚያ ካርድ የደረሳቸውን ገንዘብ እስከ ዛሬ አልነኩትም፤ ገዢው ከቀረበ ለመመለስ በባንክ ለይተው አስቀምጠውታል። የማስወጫ ክፍያም ከሌሎቹ ካርዶች ሽያጭ ላይ ተቀነሰ።

የእርሳሱ ጽሑፍ አልተመለሰም። ካርዱ ጅማ ሲደርስ በጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ በጎን ብናበራበት አባትየው እርሳሱን ጫን አድርገው ይጽፉ ስለነበር የተረፈው ጎድጓዳ መስመር በፕላስቲኩ ውስጥ «ሀንክ» የሚለውን ለመለየት በቃ፤ ቀኑና ዓመቱ አልተነበቡም። እጅግ ያሳዘነኝ ይህ ነው። ለገበያው ጽሑፉ ቁጥር የሚቀንስ እድፍ ነበር። እውነቱ ግን ያ ካርድ በጥር 1948 ጅማ እንደነበረ፣ ማን ተቀብሎ ማን እንደሰጠ የሚመሰክረው እሱ ብቻ ነበር። የዋጋ ጉዳት በገንዘብ ይካሳል፤ ለዚህኛው ካሳ የሚሆን አላየሁም።

በአክስትና በወንድም ልጅ መካከል የገባው ቅሬታ የበረደው ለፋሲካ ሲመጣ ነው፤ ቆርቆሮውን አብረው ከፍተው የቀሩትን ካርዶች አንድ በአንድ ሲያነቡ እኔም ነበርሁ።

ለሌላ ጉዳይ የሚያገለግለው

በቤታችን የቤዝቦል ካርድ ያለን ጥቂት ብንሆንም ማርትሬዛ፣ የምኒልክ ብር፣ አሮጌ ቴምብርና ፎቶግራፍ ያለን ብዙ ነን። ጆሮ ተበይዶበት ለአንገት ጌጥ ያገለገለ ማርትሬዛ ጆሮው ተነቅሎ፣ ጠርዙ ተሞርዶ፣ በአሲድ ታጥቦ «እንደ አዲስ ነው» ቢባል በካርዱ ላይ የተደረገው በብር ላይ ተደረገ ማለት ነው። ለመሸጥ ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት ዕቃውን ከማስመሪያ ጋር በሁለቱም ገጽ ፎቶ ያንሣው፤ ሚዛን ካለም ይመዝነው። ይህ የሚደረገው ዕቃው ከእጅ ሳይወጣ ነው፤ ከወጣ በኋላ የሚነሣ ፎቶ ምንም አያረጋግጥም። በአገር ቅርስነት የሚታይ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ከአገር ማስወጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑን ከማንኛውም አጫራች በፊት መጠየቅ ይገባል።

በውክልና ወይም በአደራ ወረቀቱ ላይ «ማጽዳት» የሚለውን ቃል ያለ ማብራሪያ መቀበል አይገባም። ቃሉ አቧራ ማራገፍንም፣ ታሪክ መላግንም ይይዛል። የሚፈቀደውና የማይፈቀደው ሥራ በስሙ ይጻፍ፤ ከተሠራም በፊትና በኋላ የተነሣ ምስል ለባለቤቱ ይላክ የሚል ግዴታ ይግባበት። አጫራቹንም አስቀድሞ ሁለት ነገር መጠየቅ ይቻላል፦ ከተሸጠ በኋላ ጉድለት ቢታወቅ ለገዢው ታሳውቃላችሁ ወይ? የራሳችሁን ዕቃስ በሐራጃችሁ ታቀርባላችሁ ወይ? ጥያቄዎቹ ሲቀርቡለት የሚሸሽ ድርጅት ካለ ካርዱን ሳይሰጡት መመለስ ይሻላል።

መጠገን ሁሉ ነውር ነው ማለቴ አይደለም። የተቀደደ ገጽ በመዝገብ ቤት ይጠገናል፤ ጥገናው ግን እንዲታይ ተደርጎ ይሠራል፣ በመዝገቡም ላይ ማን፣ መቼ፣ በምን እንደጠገነው ይጻፋል። ጥፋት የሚሆነው እጅ ማረፉን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ሆኖ ገዢው ሳይነገረው ሲቀር ነው።

አሁን ያለበት ሁኔታ

የአሮን ካርድ ቁጥር በሌለው መያዣው ወደ ቆርቆሮው ተመልሷል። ወይዘሮዋ ካርዱን ጨርሶ ላለመሸጥ አልወሰኑም፤ ጣሪያው አሁንም ያፈሳል። ወደፊት የሚያቀርበው አጫራች በካታሎጉ እንዲያትመው የሚጠየቀውን መግለጫ ግን አብረን ጽፈን ፈርመውበታል፦ «ግራና ታች ጠርዙ የተከረከመ፣ እጥፋቱ የተጫነ፣ በጀርባው የነበረ የእርሳስ ጽሑፍ የተላገ። ጽሑፉ ከመላጉ በፊት ጅማ ላይ የተነሣ ፎቶ ከካርዱ ጋር ለገዢው ይሰጣል።»